ክንድን ያናገረው ሐኪም

እስቲ ንባባችሁን ከመቀጠላችሁ በፊት ቀኝ እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ። መዳፋችሁ ወደ ታች፣ አይበሉባችሁ ወደ ላይ ይሁን። አሁን ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ አንሱ፤ በግራ እጃችሁ ደግሞ ከክርናችሁ ዝቅ ብሎ ያለውን የክንዳችሁን ጀርባ ያዝ አድርጉት። ከቆዳው ሥር የሆነ ነገር ሲወጠርና ሲላላ ይሰማችኋል። የሚነሳው ጣት ያለው እጅ ላይ ነው፤ የሚያነሳው ጡንቻ ግን ክንድ ላይ ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ረጅም ጅማት ነው፤ ከጉድጓድ ውኃ እንደሚሳብበት ገመድ በሉት።

አንድ ሙከራ ልጨምር። መሃል ጣታችሁን ወደ መዳፋችሁ ሥር አጥፉና ሌሎቹን ጣቶች እንደተዘረጉ ተዉአቸው። አውራ ጣታችሁን አንሱ፤ ይነሳል። ሌባ ጣትም ይነሳል። ትንሿም ጣት ብትሆን ትነሳለች። የቀለበት ጣታችሁን ግን እስቲ አንሱት። እምቢ ይላል! ምክንያቱም አይበሉባችን ላይ የሚያልፉት ጅማቶች እርስ በርስ በአጫጭር ማሰሪያዎች የተያያዙ ናቸው። መሃል ጣት ሲታጠፍ የቀለበት ጣትን ጅማት አብሮ ይዞት ይቀራል። ሌባ ጣትና ትንሿ ጣት ከጋራው ጡንቻ ሌላ የየራሳቸው ተጨማሪ ዘርጊ ጡንቻ ስላላቸው ያመልጣሉ። የቀለበት ጣት ግን የራሱ የሚለው ስለሌለው ከጎረቤቱ ጋር ታስሮ ይቀራል።

ለመሆኑ የትኛው ጡንቻ የትኛውን ሥራ እንደሚሠራ በሕይወት ያለ ሰው ላይ እየዞረ የጠየቀው ማን ነው? ከሁሉ በላይ የሚጠራው አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ሙሉ ስሙ ጊዮም ቤንጃማን አማን ዱሼን ሲሆን በትውልድ ከተማው ስም ዱሼን ደ ቡሎኝ እየተባለ ይጠራል። የጋዜጠኝነት ተማሪ ከጡንቻ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የዚህን ሰው ታሪክ ሳነብ ያገኘሁት ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ የተነገረንን ነገር ነው፤ ሌላው የጻፈውን ከመድገም ይልቅ ምንጩ ጋ መሄድ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የባሕረኞች ልጅ

ዱሼን የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1806 በሰሜን ፈረንሳይ የባሕር ጠረፍ በምትገኘው በቡሎኝ ሱር ሜር ነው። ቤተሰቡ የዓሣ አጥማጆች፣ የነጋዴዎችና የባሕረኞች ቤተሰብ ነበር። አባቱ በናፖሊዮን ዘመን በባሕር ላይ ለፈጸመው አገልግሎት የክብር ሌጌዎን ኒሻን የተሸለመ ሰው ነው። መቼስ የባሕረኛ ልጅ ባሕረኛ እንዲሆን ይጠበቃል። ወጣቱ ዱሼን ግን ልቡ ወደ ሳይንስ አዘነበለ። በዱዌ ከተማ ተምሮ በ19 ዓመቱ ትምህርቱን ጨረሰና ሕክምና ሊማር ወደ ፓሪስ ሄደ።

በዚያን ጊዜ ፓሪስ የሕክምና ትምህርት መዲና ነበረች። የልብና የሳንባ ድምፅ ማዳመጫውን የፈለሰፈው ላኤኔክ፣ ስመ ጥሩው ቀዶ ሐኪም ዱፒዩትራን፣ የሰውነት ክፍሎችን የሚያጠናው ክሩቬይዬ ከመምህራኑ ውስጥ ነበሩ። ዱሼን በ1831 ስለ ቃጠሎ በጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ተመርቆ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰና እንደማንኛውም የክፍለ ሀገር ሐኪም ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ትዳር ያዘ።

ትዳሩ ግን ብዙም አልቆየም። ባለቤቱ በ1833 ወንድ ልጅ ወልዳ በወሊድ ትኩሳት ሞተች። በዚያ ዘመን የወሊድ ትኩሳት ከምን እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም፤ በጀርም የሚመጣ ኢንፌክሽን መሆኑ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ሰው ግን ምክንያት ሲያጣ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ሲያዋልዳት ከጎኗ የነበረው እሱ ብቻ ነው፣ የገደላት እሱ ነው የሚል ወሬ ከአማቱ በኩል ተነሳ፤ በትንሿ ከተማም ተዛመተ። ሕፃኑን ኤሚልን የእናቱ ቤተሰቦች ወስደው አሳደጉት። አባትና ልጅ ለ30 ዓመት ያህል ተራርቀው ኖሩ። ወሬ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ይህ ወሬ ግን አንድን ሰው ልጁን አሳጥቶታል።

መርፌና ኤሌክትሪክ

ሐዘን ያደቀቀው ዱሼን በ1835 አካባቢ በአዲስ ነገር መጠመድ ጀመረ። በወቅቱ አንዳንድ የፈረንሳይ ሐኪሞች ቀጫጭን መርፌዎች ከቆዳ ሥር ሰክተው በመርፌዎቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ እያሳለፉ ሕመም ለማስታገስ ይሞክሩ ነበር። ዱሼንም ይህንኑ ሲሞክር ዓይኑ ከሕመሙ ይልቅ ሌላ ነገር ላይ አረፈ። ኤሌክትሪኩ ሲነካው ጡንቻው ይኮማተራል። ያውም ሁሉም በጅምላ ሳይሆን የተነካው ብቻ።

ቀጥሎ ያገኘው ነገር ከዚህም ይበልጣል። መርፌ አያስፈልግም! የኤሌክትሪኩን ጫፎች በውኃ በራሰ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ሸፍኖ ቆዳ ላይ ቢያሳርፋቸው ኤሌክትሪኩ ቆዳውን ሳይጎዳ አልፎ ከሥሩ ያለውን ጡንቻ ይደርስበታል። ሁለቱን ጫፎች አቀራርቦ በትክክለኛው ቦታ ላይ ካስቀመጠ አንድን ጡንቻ ከጎረቤቶቹ ለይቶ ማንቀሳቀስ ይችላል። እንግሊዛዊው ፋራዳይ በ1831 ያገኘው ከሽቦ ጥቅል የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ሆኖ ስላገኘው ዱሼን ዘዴውን በፋራዳይ ስም ሰየመው። መሣሪያውንም ራሱ እየሠራና እያሻሻለ በእጅ በሚያዝ ሣጥን ውስጥ አስገባው።

እንግዲህ ነገሩን አስቡት። እስከዚያ ድረስ የአናቶሚ ሰዎች ጡንቻን የሚያውቁት በሬሳ ላይ ነበር። ሬሳ ብዙ ነገር ይናገራል። ጡንቻው ከየትኛው አጥንት ተነስቶ የትኛው አጥንት ላይ እንደሚያልቅ ያሳያል። ሥራውን ግን አያሳይም። ሥራውን የሚገምተው ሐኪሙ ነው፤ ከዚህ ተነስቶ እዚያ ስለሚያልቅ ይህንን መሳብ አለበት እያለ። ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አይደለም። ዱሼን በእጁ የገባው ሣጥን ግምቱን ሕይወት ባለው ሰው ላይ አንድ በአንድ ማረጋገጥ የሚያስችል ነበር።

ሣጥን ይዞ የሚዞረው ሰው

በ1842 ዱሼን ሣጥኑን ይዞ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። 36 ዓመቱ ነው። የፕሮፌሰርነት ወንበር የለውም፣ የሆስፒታል ሹመት የለውም፣ የሚያስጠጋው ትልቅ ሰውም የለውም። እስከ ሞተበት ቀን ድረስም ሹመት የሚባል ነገር አላገኘም። ማለዳ ተነስቶ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዞራል፤ ዛሬ ሳልፔትሪየር፣ ነገ ሻሪቴ። እጁ ወይም እግሩ የማይታዘዝለት በሽተኛ ካየ ጠጋ ብሎ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ ይጽፋል። ያ በሽተኛ ወደ ሌላ ሆስፒታል ቢዛወር ተከትሎት ይሄዳል። ለዓመታት የተከታተላቸው በሽተኞች ነበሩት።

ገጠሬ አነጋገሩን እየሰሙ፣ ንግግር የማይሆንለት መሆኑን እያዩ የሳቁበት አልጠፉም። ባለሹመቶቹ የእኔን በሽተኛ ምን አገባው እያሉ የገፉትም ነበሩ። እሱ ግን በማግስቱ ይመለሳል። በ1847 የምርምር ውጤቱን ለሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። በ1855 ሥራውን ሁሉ አሰባስቦ ኤሌክትሪክን በተወሰነ የሰውነት ክፍል ላይ ስለማሳረፍ የሚያወሳውን ትልቁን መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉ በ1861 እና በ1872 እየታረመና እየሰፋ እንደገና ታትሟል። ቀስ በቀስም እንደ ትሩሶና ሻርኮ ያሉ ታላላቅ ሐኪሞች ወዳጆቹ ሆኑ። በኋላ በዓለም የታወቀው ሻርኮ ዱሼንን መምህሬ ይለው ነበር።

ስሙ የዋሸው ጡንቻ

ወደ ክንዳችን እንመለስ። ከክርን እስከ እጅ አንጓ ባለው ክፍል ጀርባ ላይ በዛሬው ቆጠራ 12 ጡንቻዎች አሉ። 7ቱ ከላይ፣ 5ቱ ከሥር ናቸው። በአብዛኛው ሥራቸው መዘርጋት ነው፤ የእጅ አንጓን ወደ ኋላ ማንሳት፣ ጣቶችን መዘርጋት፣ አውራ ጣትን ከሌሎቹ ማራቅ። 12ቱንም የሚያዛቸው ራዲያል የሚባለው አንድ ነርቭ ከነቅርንጫፎቹ ነው። ይህ ነርቭ ከብብት ተነስቶ የላይኛውን የክንድ አጥንት ከኋላ በኩል ተጠምጥሞበት ያልፍና ወደ ክንዳችን ይወርዳል። ስለዚህ እላይ አንድ ቦታ ላይ ከተጎዳ ታች ያለው ሁሉ ሥራ ያቆማል።

ከ12ቱ ውስጥ በአውራ ጣት በኩል የሚወርደው አንዱ ከላይ በደንብ ይታያል። ክርናችሁን በግማሽ አጥፉ፣ አውራ ጣታችሁ ወደ ላይ ይሁን፤ የእናንተን ክንድ ጓደኛችሁ ወደ ታች ሲጫን እናንተ ወደ ላይ ታገሉት። ከክርናችሁ አጠገብ ጉብ ብሎ የሚወጣው ጡንቻ እሱ ነው። ዛሬ ብራኪዮራዲያሊስ ይባላል። በዱሼን ዘመን ግን ረጅሙ ሱፒኔተር ነበር የሚባለው። ሱፒኔተር ማለት መዳፍን ወደ ላይ የሚገለብጥ ማለት ነው፤ ሰው ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ እንደሚያደርገው።

አንባቢ ስሙን አይቶ ሥራውን ያምናል፤ ተማሪም ሲሸመድደው ኖሯል። ዱሼን ግን የሣጥኑን ጫፎች ጡንቻው ላይ አሳረፈና ጠበቀ። መዳፍ አልተገለበጠም። ክርን ታጠፈ! ደግሞም እጁ አስቀድሞ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ ከነበረ ጡንቻው ሲኮማተር ወደ መሃል ይመልሰዋል፤ ማለትም ስሙ ከሚለው ተቃራኒ አቅጣጫ። እውነተኛው ገልባጭ ከሥር የተደበቀው አጭሩ ሱፒኔተርና ከላይኛው ክንድ የሚመጣው ባይሴፕስ ናቸው። ስንት ትውልድ የተማረው ስም ለካ ስለ ጡንቻው የተሳሳተ ነገር ሲናገር ኖሯል። በኋላ ዘመን ጡንቻው ስለ ሥራው ምንም በማይናገር፣ የሚያያዝበትን ቦታ ብቻ በሚገልጽ ስም ተተካ።

እጅ አንጓን የሚያነሱትንም ጡንቻዎች እንዲሁ ለያይቶ አሳየ። በአውራ ጣት በኩል ካሉት ሁለቱ፣ ረጅሙ አንጓውን ሲያነሳ ወደ አውራ ጣት ጎን ያዘነብለዋል፤ አጭሩ ቀጥ አድርጎ ያነሳዋል። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ደግሞ ሲያነሳ ወደ ራሱ ይስበዋል። ቀጥ ያለ የሚመስለን አንድ እንቅስቃሴ የብዙዎች ስምምነት ነው ማለት ነው።

የቀለም ቀቢዎቹ እጅ

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? እስቲ የዚያን ዘመን የፓሪስ ቀለም ቀቢ እናስብ። የሚቀባው ነጭ ቀለም ከእርሳስ የተሠራ ነው፤ የምንጽፍበትን እርሳስ ሳይሆን ብረት መሰሉን መርዘኛ ማዕድን ማለቴ ነው። ብናኙን ይተነፍሰዋል፣ በእጁ ይበላዋል። ከጊዜ በኋላ ሆዱን ይቆርጠዋል። ከዚያ አንድ ቀን መሃል ጣቱና የቀለበት ጣቱ ወደ ታች ወድቀው አልነሳ ይሉታል። ሌባ ጣትና ትንሿ ጣት ግን ገና ይዘረጋሉ፤ መጀመሪያ ላይ እንዳየነው የየራሳቸው ጡንቻ አላቸውና። ስለዚህ እጁ ሁለት ቀንድ ያወጣ ይመስላል። ቀጥሎ እነሱም ይወድቃሉ፤ ከዚያ የእጅ አንጓው ራሱ ይወድቃል። እጁ ከአንጓው በታች እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብሩሽ መያዝ የለም፤ ብሩሽ ከሌለ ደሞዝ የለም።

ሌላ ሰው ደግሞ አለ። ጠጥቶ ወይም ደክሞት ክንዱን ወንበር መደገፊያ ላይ ጥሎ ይተኛና ሲነሳ እጁ ልክ እንደ ቀለም ቀቢው ወድቆ ያገኘዋል። ነርቩ ከላይኛው ክንድ አጥንት ጋር ተጨፍልቆ ነው። ለዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው። ግን አንዱ ተመርዟል፤ ሥራውን ካልተወ ይብስበታል። ሌላው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሻለዋል። ሐኪሙ ካሳሳታቸው የመጀመሪያው ወደ መርዙ ይመለሳል።

ዱሼን ሁለቱን የሚለይበት መንገድ ያ ስሙ የዋሸው ጡንቻ ሆነ። በእርሳስ መመረዝ ጊዜ ብራኪዮራዲያሊስ በአብዛኛው ሳይነካ ይቀራል፤ በሽተኛው ክርኑን እየታገለ ሲያጥፍ ጡንቻው ጉብ ብሎ ይወጣል። ነርቩ ከላይ ሲጨፈለቅ ግን እሱም አብሮ ይሞታል፤ ጉብ የሚል ነገር የለም። ሣጥኑም ሁለተኛ ምስክር ሆነ። የተመረዘው ሰው ዘርጊ ጡንቻዎች ለኤሌክትሪክ መልስ መስጠት ያቆማሉ፤ ከጭፍለቃው የተነሳ የደከሙት ግን በሽተኛው ራሱ ሊያነሳቸው ባይችልም ኤሌክትሪኩ ሲጠራቸው አቤት ይላሉ።

ከነዚሁ ቀለም ቀቢዎች እጅ ሌላም ትምህርት አገኘ። ጣቶችን የሚዘረጋው ትልቁ የክንድ ጀርባ ጡንቻ ጣትን እስከ ጫፉ ድረስ እንደሚዘረጋ ይታመን ነበር። ዱሼን ግን ይህ ጡንቻ ሽባ የሆነበትን ሰው እጅ ይዞ የወደቁትን የጣቶቹን የመጀመሪያ አጥንቶች ከሥር ደገፍ ሲያደርግለት፣ ሰውየው የቀሩትን ሁለት የጣት ክፍሎች በራሱ ዘረጋቸው። ታዲያ የዘረጋቸው ማን ነው? መዳፍ ውስጥ በአጥንቶች መሃል የተሸጎጡት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ትልቁ የክንድ ጡንቻ በዋናነት የሚያነሳው የመጀመሪያውን የጣት አጥንት ነው። በተቃራኒው ትንንሾቹ ጡንቻዎች ሽባ ሲሆኑ ጣቶቹ ከሥራቸው ወደ ኋላ ተነስተው ጫፋቸው ይታጠፋል፤ እጅ እንደ ጭልፊት ጥፍር ይሆናል። ዱሼን የዚህን እጅ መነሻ በዝርዝር አስረዳ።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሕይወቱ እንመለስ። እጁ የወደቀበት ሰው ነገር መጨበጥም ያቅተዋል፤ የሚጨብጡት ጡንቻዎች ግን ያሉት በክንድ ፊት ለፊት በኩል ነው፣ አልተነኩም። ምስጢሩን ለማወቅ የእጅ አንጓችሁን እስከ መጨረሻው ወደ ታች አጥፋችሁ ቡጢ ለመጨበጥ ሞክሩ። አይሆንም! አንጓው ቀና ካላለ የሚጨብጡት ጡንቻዎች ልል ገመድ ይሆናሉ። ከኋላ ሆኖ የሚያነሳው ከሌለ ከፊት የሚጨብጠው አቅም የለውም። ስለዚህ ዱሼን ለእንዲህ ዓይነቶቹ በሽተኞች በሞተው ጡንቻ ምትክ የሚስብ ሽቦ ጥምዝ (ሞላ) የተገጠመላቸው ጓንት መሰል መሣሪያዎች አሠራላቸው። ፈረንሳይ ቀቢዎች የእርሳስ ነጭ ቀለም እንዳይጠቀሙ የሚከለክል ሕግ ያወጣችው በ1909፣ እሱ ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ቆይታ ነው።

ካሜራውና ሽማግሌው

ይህ ክፍል እንኳ በቀጥታ የእኛ ነው። ዱሼን ያየውን በቃል ብቻ መጻፍ አላረካውም። ጡንቻ የሚኮማተረው ለቅጽበት ነው፤ ሠዓሊ ሊደርስበት አይችልም። ስለዚህ በ1850ዎቹ ገና ለጋ ወደነበረው ፎቶግራፍ ዞረ። ከታዋቂው ፎቶ አንሺ ከናዳር ወንድም ከአድሪያን ቱርናሾን ጋር ጀምሮ በኋላ ራሱ አነሳ። በ1862 የሰው ፊት ስሜትን እንዴት እንደሚገልጽ የሚያሳየውን፣ በፎቶግራፍ የተሞላውን መጽሐፉን አወጣ። ፎቶግራፍን ለሕክምና ምርምር ማስረጃ አድርገው ካቀረቡ ቀዳሚ መጻሕፍት አንዱ ነው።

በአብዛኞቹ ፎቶዎች ላይ የምናየው አንድ ጥርስ የለሽ ሽማግሌ ነው። የፊቱ ቆዳ ሕመም የማይሰማው ስለነበር ኤሌክትሪኩ አያሠቃየውም። ዱሼን ጡንቻዎቹን አንድ በአንድ እየነካ የሳቅ፣ የፍርሃት፣ የሐዘን ፊት አወጣለት። እውነተኛ ሳቅ ከአፍ ብቻ ሳይሆን ዓይንን ከሚከበው ጡንቻም እንደሚመጣ ያሳየው በዚህ ነው፤ ዛሬም ከልብ የሆነ ፈገግታ የዱሼን ፈገግታ ይባላል።

ሽማግሌው እየፈራ አልነበረም፤ ፎቶው ግን ፍርሃት ያሳያል። ዱሼን ይህን አልደበቀም። የመሣሪያው ጫፎችና የያዛቸው እጅ ፎቶው ውስጥ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ዳርዊን በ1872 ስለ ስሜት መግለጫዎች በጻፈው መጽሐፍ ከነዚህ ፎቶዎች አንዳንዶቹን ሲጠቀም፣ የፍርሃቱ ፎቶ ወደ ቅርጽ ተለውጦ ሲታተም መሣሪያውና እጁ እንዲወጡ ተደረገ። ምስሉ ጸዳ፤ እንዴት እንደተገኘ የሚናገረው ክፍል ግን ጠፋ። በፎቶ ማስተካከያ ዘመን ለምንኖር ለእኛ ይህቺ ነገር ታስተምራለች ባይ ነኝ። ስለ ሽማግሌው ፈቃድስ? የዛሬ ሐኪም ቢሆን ብዙ ጥያቄ ይጠብቀው ነበር። በዚያ ዘመን የድሃ በሽተኛ ፊት የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አልነበረም።

ልጁ ተመልሶ መጣ

በ1867 ዱሼን ስለ ሰውነት እንቅስቃሴዎች ያጠናውን በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ጠቀለለው። የትከሻ፣ የክንድ፣ የእጅ፣ የእግር ጡንቻዎች ሥራ በውስጡ ተራ በተራ ተፈትሿል። በማግስቱ ዓመት በ1868 ደግሞ ስሙን ይበልጥ ያስጠራውን በሽታ ዘገበ። ትንንሽ ወንዶች ልጆችን ይዞ፣ ባታቸውን አሳብጦ ጉልበታቸውን ግን የሚያሟጥጠውን በሽታ በ13 ሕሙማን ላይ ገለጸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሜርዮን በ1850ዎቹ መጀመሪያ በሽታውን ገልጾት ነበር፤ ስሙ የተጠራው ግን በዱሼን ሆነ። ዱሼን ራሱ በፈለሰፈው ልዩ መርፌ በሕይወት ካለ በሽተኛ ጡንቻ ቅንጣት እያወጣ በማይክሮስኮፕ አይቷል፤ እዚህም ሬሳ እስኪሆን አልጠበቀም። በሽታውን የሚያመጣው የፕሮቲን ጉድለት የታወቀው በ1987 ነው።

በነዚህ ዓመታት ውስጥ ነው እንግዲህ በወሬ የተነጠቀው ልጁ ኤሚል ሐኪም ሆኖ ፓሪስ የመጣው። አባትና ልጅ ታርቀው አብረው መሥራት ጀመሩ። ለብቸኛው ሰው ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አልነበረም። ግን ደስታው ዕድሜ አልነበረውም። በ1870ው የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ማግስት፣ በ1871፣ ኤሚል በታይፎይድ ሞተ። 30 ዓመት ያህል ጠብቆ ያገኘውን ልጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሶ አጣው።

ዱሼን ከዚያ በኋላም ሣጥኑን አላስቀመጠም፤ በ1872 የመጽሐፉን ሦስተኛ እትም አወጣ። ሊሞት ሲቃረብ የፎቶ አልበሙን ለፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሰጠ። 69 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መስከረም 15 ቀን 1875፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ አረፈ። ሹመት ነፍገውት የኖሩት ሆስፒታሎች ዘግይተውም ቢሆን አሰቡት፤ በ1897 በሳልፔትሪየር ግቢ መታሰቢያ ቆመለት።

ምን ተረፈን?

ዛሬ የየትኛውም አገር የሕክምና ተማሪ እጁ የወደቀ ሰው ሲመጣለት ክርንህን እየታገልክ እጠፍ ይለዋል፤ ጡንቻው ጉብ ማለቱን ያያል። የዱሼንን ስም ላያነሳ ይችላል፤ የሚያደርገው ግን ዱሼን ያደረገውን ነው። የዘመናችን የነርቭና የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራም የዚያች ሣጥን የልጅ ልጅ ነው።

ለእኛስ? እኔ ሁለት ነገር ወስጃለሁ። አንደኛ፣ አንድ ነገር ስም ስለተሰጠው ብቻ ስሙ የሚለውን ይሠራል ማለት አይደለም። ረጅሙ ሱፒኔተር ሲባል የኖረው ጡንቻ የማይገለብጥ ከሆነ፣ በየዜናው የምንደጋግማቸው ስሞችና ቅጽሎችም እንደዚያው ሳይፈተሹ የኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ዱሼን ማን እንደሆነ ሳያጣሩ ገዳይ ያሉት ሰዎች የተናገሩት በአንድ ቀን አፍ ነው፤ እሱ ግን ስለ አንድ ጡንቻ ለመናገር ደጋግሞ ሄዶ፣ ደጋግሞ ነክቶ፣ ስንት በሽተኛ አይቶ ነው። በወሬ የተጎዳ ሰው ዕድሜውን በማጣራት አሳለፈ። ማጣራት ደግሞ ሹመት አይጠይቅም፤ ማለዳ ተነስቶ የሚመለከተውን ሰው ራሱን ሄዶ መጠየቅን ነው። ቀለም ቀቢው እጁን ዘርግቶ እየጠበቀ ነበርና የሄደለት ሰው በመኖሩ ተጠቅሟል።